ወንበሩ

ኢሎይሎ ወደብ፣ ከሴሚናሪው ጀርባ፣
ቆርቆሮው ተበስቶ ዝናብ የሚያስገባ
አንድ አዳራሽ አለ፤ እዚያ ባልዲ ደቅነን
አጋንንት ማስወጣት ሳምንት ሙሉ ተማርን።
አሥራ አራት ካህናት፣ ሰባት ደናግላን፣
የቀረነው ደግሞ ተራ ምእመናን፤
ነርሷ ፌሊሲሲማ፣ አንድ ጡረተኛ ዳኛ፣
የጀልባ ሞተር ጠጋኝ እኔ፣ የጥቁር ዘይት ጓደኛ።

አባ ሂላርዮን፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለ፣
ስለ ሰይጣን ሲያወራ፣ ኪራይ ስላልከፈለ
ተከራይ የሚያወራ ይመስላል፤
አይጮህ፣ አይንቀጠቀጥ፣ ሰልችቶታል።
«ጻፉ» አለን። «አንደኛ፣ ሐኪም ይየው።
ሁለተኛ፣ ሐኪም ይየው።
ሦስተኛ፣ ተኝቷል ወይ? በልቷል ወይ? ማነው የመታው?
ከዚያ ወዲያ፣ የጳጳሱ ፊርማ ሲመጣ፣
ካህኑ ብቻ፣ ካህኑ፣ መጽሐፉን ያውጣ።
እናንተ ምእመናን ትእዛዝ የላችሁም፣
‹ውጣ› አትሉትም፤
ትለምናላችሁ፣ ውኃ ትይዛላችሁ፣ ፎጣ ትይዛላችሁ።
‹ነገ ምን ይሆናል?› ብላችሁም እንዳትጠይቁት፣ እባካችሁ፤
ዋሾን ለምስክርነት የሚጠራ ማን አለ?»
ዳኛው ሳቀና፣ «ስንቴ ጠርቻለሁ» አለ።

በአራተኛው ቀን ልምምድ መጣ፤
ክንዱ የላላ ወንበር መሀል ተቀመጠ፣ ከባርኔጣ ዕጣ ወጣ፣
«በሽተኛው» እኔ ሆንኩ።
«ከካፒዝ አይደል እንዴ፣ ልምምድ ምን ያደርግለታል!»
አለ ወጣቱ አባ ዶሮቴዎ።
አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ካፒዝ ያደገ ሰው ይህን ይለምዳል፤
አስዋንግ የሚሉት፣ ቀን ሰው ሆኖ ይውላል፣
ሌሊት ወገቡ ተበጥሶ በግማሽ ገላው ይበርና
ከነፍሰ ጡር ጣራ ላይ ምላሱን ያወርዳል፣ እንደ ክር ያቀጥንና፤
አገሩም የእኛ አገር ነው ይባላል።
አውቶቡስ ውስጥ የትውልድ ቦታዬን ስናገር
ትስቃለች አጠገቤ ያለችው ሴት፤
ልጇን ግን ጠበቅ ታደርጋለች ከደረቷ ጋር።

ተቀመጥኩ። ፌሊሲሲማ ክንዴን፣ ዳኛው ትከሻዬን ያዘ፤
ጸበሉ ግንባሬ ላይ ቀዘቀዘ፤
የአባ ዶሮቴዎ እጅጌ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።
ድምፁን አወፍሮ «ስምህ ማነው?» ይለኛል።
የተሰጠኝ ወረቀት «ሌጌዎን በል፣ ከዚያ አጓራ» ይላል።

«ኮንሶርሲያ» አልኩ።

እናቴ ናት።
አንድ ክረምት ዓይኗ ቀልቶ ከረመ፣ ሕመም ነበረባት።
የጎረቤት ሕፃን በትኩሳት ሞቶ ተቀበረ፤
በሌሊቱ ደጃችን ጨው ተነስንሶበት አደረ፤
መስኮታችን ላይ ነጭ ሽንኩርት፤
ገበያ ላይ ዓሣዋን የሚገዛት
ጠፋ።
አንድ ሰው መጣ፤ ካህን ያልሆነ፣ ማንም ያልላከው፣
እሾኻም የዓሣ ጅራት አድርቆ እንደ አለንጋ የሚያጮኸው፤
እየገረፋት «ስምህ ማነው?» አለ።
ነገረችው። ሌላ ስም አልነበራት።
«ዋሸ» አለና ደገማት።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከበሩ ሥር፤
ባልዲ ይዤ ነበር።
ውኃ አቀብል ነበር።

ይህን ሁሉ አልተናገርኩም፤ ስሟን ብቻ ነው።
አባ ዶሮቴዎ ወረቀቱን ገለበጠ፤ ቀጥሎ የሚለው
አልተጻፈም።
አባ ሂላርዮን በዚያ ጉልበቱ ከኋላ መጣ፣ አልቸኮለም፤
ከትከሻዬ ላይ የዳኛውን እጅ አነሣ፣
ጠየቀኝ፦ «በልተሃል ምሳ?»
አልበላሁም ነበር።

ዓርብ ምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ ስሜ ተሳስቶ ተጽፏል፣
ግድግዳዬ ላይ ከመፍቻዎቹ ጎን ተሰቅሏል።
ከቁምስናው ሲጠሩኝ፣ «የእገሌ ልጅ አጓራች፣ ድረስ» ሲሉኝ ማታ፣
እጄን በላምባ ታጥቤ እነሣለሁ፤ በአንድ እጄ ፋኖስ፣ በሌላው ፎጣ።
ለሐኪሟ እደውላለሁ፤ አባን እጠራለሁ፤
ከደጁ ጨው ካየሁ ግን፣ ከሁሉ በፊት፣
መጥረጊያ እለምናለሁ።